ወንድሜን ፖስተር ላይ እናውጣው አሉኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የምኖር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ልጅ ሳለ ዓይነት 1 ስኳር ተገኘበት። አሁን 19 ዓመቱ ነው፣ ካምፓስ ገብቷል። ያለ ኢንሱሊን ውሎ አያድርም።

በቅርቡ የሰፈራችን ልጆች ለስኳር በሽታ ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ የሳይክል ቡድን አቋቋሙ። ከፒያሳ ተነስተን አዘዞ ደርሰን እንመለሳለን፣ እያንዳንዳችን ደጋፊ እንፈልጋለን። ደስ ብሎኝ ተመዘገብኩ። አስተባባሪው ግን የወንድሜን ነገር ሲሰማ «መርፌውን ይዞ ፎቶ ይነሳና ፖስተር ላይ እናውጣው፣ ብዙ ብር ያስገኛል» አለኝ። ወንድሜን ስጠይቀው «እንደፈለግሽ» ብሎ መኝታ ቤቱ ገባ። እማዬ ተቆጣች። «ገበናችንን አደባባይ ልታወጪ ነው? ነገ ልጄን ማን ያገባዋል?» አለች። መሥሪያ ቤት ደግሞ «ለምርምር ከምትሰጡ ለድሃ ኢንሱሊን አትገዙም?» ይሉኛል። መልስ አጣሁ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ምን ይመክሩኛል?

ከማራኪ

ውድ እህቴ፣

ቀጥዪ። ፎቶውን ግን ተዪው።

«እንደፈለግሽ» ብሎ የሄደ ልጅ እሺ አላለም። ካምፓስ ውስጥ ለማን እንደሚነግር፣ ለማን እንደማይነግር የሚወስነው እሱ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉሽ አይጠፉም። ያ የሚባለው ከሐኪም ለሚደበቅ ሰው ነው። ወንድምሽ መርፌውን በየቀኑ ይወጋል፣ ክትትሉ ላይ ነው። ለመንገደኛ ሁሉ የማሳየት ዕዳ የለበትም።

እማዬም እዚህ ላይ ልክ ናቸው። የትዳሩ ስጋት ግን ልክ አይደለም። ሕክምናውን በደንብ የሚከታተል የስኳር ታማሚ ያገባል፣ ይወልዳል። ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው። ቢቻል ወንድምሽን የሚያክመው ሐኪም ቢነግራቸው ይሻላል።

ወደ መሥሪያ ቤት ሰዎች ልምጣ፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ወንድምሽ የሚወጋው ኢንሱሊን ራሱ የምርምር ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ባንቲንግና ቤስት እስኪያገኙት ድረስ፣ ዓይነት 1 የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። በጥር 1922 መጀመሪያ የተወጋውም የ14 ዓመት ልጅ ነው።

ቅርባችንም ጉዳይ አለ። ስኳርን «የሀብታም በሽታ» የሚል ሰው አሁንም ብዙ ነው። ጎንደር ዙሪያ ባሉ ገጠሮች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ያጠኑ ሐኪሞች ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ ነገር አሳተሙ። ያገኟቸው በአብዛኛው ድሃ ገበሬዎች፣ ይበልጡንም ወንዶች ነበሩ። በምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር አለ ወይ የሚለው ክርክር ለዓመታት ቆየ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። እነዚህን ሰዎች እንዴት ማከም እንደሚሻል ገና እየተጠና ነው። «ለምን ምርምር?» ላለሽ ሁሉ ይህን ንገሪው። ኢንሱሊን ይገዛ የሚሉትም አልተሳሳቱም፣ የዛሬ ሰው ዛሬ መድኃኒት ይፈልጋል። እነሱ ለዚያ ያዋጡ፣ እናንተ ለዚህ።

ገንዘቡ ለየትኛው ተቋም እንደሚገባ በጽሑፍ ይቀመጥ። ሂሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። ይህ ያንቺ ሙያ ነውና ለአስተባባሪው ብቻ አትተዪለት።

ወንድምሽ ሳይክል የሚነዱት የማያውቁትን ብዙ ያውቃል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከመንዳቱ በፊት ስኳሩን ይለካል። ጭኑ ላይ ተወግቶ ወዲያው ፔዳል አይመታም፣ የሚሠራ ጡንቻ መድኃኒቱን ቶሎ ይስበዋል። ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ ይቆማል። ስኳሩ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይወስዳል፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ይለካል። ከአዘዞ መመለሻው ዳገት ስለሆነ እዚያ ላይ ነው መጠንቀቅ። ማታም ተኝቶ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ራሱ መንዳት ካማረው የኢንሱሊኑን መጠን መጀመሪያ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ዛሬ ማታ «ፎቶው ቀርቷል» በይው። ቀጥለሽ ለቡድኑ ይህን የሚያስረዳ ሰው እንደሚያስፈልግ ንገሪው። ስሙ ሳይጠራ ጽፎ ሊሰጥሽም ይችላል። አልፈልግም ካለ አታስጨንቂው፣ አንቺው ታስረጃቸዋለሽ።