ድምፅ ከመጠየቃችሁ በፊት፦ ፖለቲካ ለሚወዱ ልጆቻችን

ልጆቼ፣

አሜሪካ ካደጉት ልጆቻችን ብዙዎቹ በዴሞክራት ዕጩዎች ካምፔይን ውስጥ እየሠሩ ነው። በጣም ደስ ይለኛል። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት በዋሽንግተን አካባቢ የፓርኪንግና የሆቴል ሠራተኞችን በዩኒየን (በሠራተኛ ማኅበር) በማደራጀት ነው። ትራምፕ ካሸነፉበት ከ2024 ምርጫ በኋላ ግን አንዳንዶቻችሁ «ድሃው ለምንድን ነው ጥቅሙን የማያውቀው?» ስትሉ ሰማሁ። ይህን ጥያቄ እባካችሁ ተዉት። ድሃው ጥቅሙን አሳምሮ ያውቃል።

ፍሎሪዳን ተመልከቱ። በ2020 ትራምፕን መረጠች። በዚያው ምርጫ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው መራጭ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ቀስ በቀስ 15 ዶላር እንዲደርስ ድምፁን ሰጠ። ሚዙሪም በ2024 ትራምፕን መርጣ፣ 15 ዶላሩንና የሚከፈልበትን የሕመም ፈቃድ አብራ አጸደቀች። በነብራስካ የሕመም ፈቃዱን የደገፈው ከ70 በመቶ በላይ ነው። ሊበራሎች ለዓመታት የታገሉለት ሐሳብ ነው ይሄ ሁሉ። ሕዝቡ ሐሳቡን ተቀብሎ ዴሞክራት ፓርቲውን ተወው። የጠፋው መተማመኑ ነው።

እንዴት ጠፋ? አንዱ ምክንያት ንቀት ነው። ኦባማ በ2008 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ሥራ የጠፋባቸው የትናንሽ ከተማ ሰዎች ተማርረው ጠመንጃና ሃይማኖት ላይ እንደሚጣበቁ ተናገሩ። ሂላሪ ክሊንተን ደግሞ በ2016 ከትራምፕ ደጋፊዎች ግማሹን «የሚወገዙ» ብለው ፈረጁ። ሁለቱም ይህን ያሉት ገንዘብ ለሚያዋጡ ሰዎች ነው። ሠራተኛው እዚያ አልነበረም፤ ወሬው ግን ደረሰው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላል የአገራችን ሰው፤ እሱም እንደዚያው ነው የተረዳው።

ሁለተኛውን ሳስብ የበለጠ ያንገበግበኛል። በ2021 ከጁላይ እስከ ዲሴምበር መንግሥት ለአብዛኞቹ ወላጆች በየወሩ ገንዘብ ይልክ ነበር። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ 300 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው 250 ዶላር። በዚያ ዓመት የልጆች ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ከዚያ በሴኔት ዴሞክራቱ ጆ ማንቺን እምቢ አሉ፤ ሪፐብሊካኖቹም አልደገፉም፤ ክፍያው ቆመ። ይህና ሌሎቹ የኮሮና ጊዜ ድጎማዎች ሲያበቁ ቁጥሩ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ገንዘብ ዴይኬር ትከፍል የነበረች እናት በር ላይ ቆማችሁ «እኛ ላንቺ ነን» ስትሏት ምን ትመልስላችሁ? «ታዲያ ለምን አቆማችሁት?» ነው የምትለው። ሴኔቱ እኩል ለእኩል ተከፍሎ እንደነበር ብትነግሯት እውነታችሁን ነው። የቤት ኪራይ ግን ሴኔቱን አይጠብቅም። የምትችሉትን ትንሽ ነገር ቃል ግቡና እሱን ጨርሱ። ትልቅ ዕቅድ ደርድሮ ግማሽ መንገድ ላይ መተው ጨርሶ ቃል ካለመግባት ይብሳል።

በ2024 ምርጫ ማግስት ዴሞክራቱ ዞህራን ማምዳኒ በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ ፎርድሃም ሮድ ላይ፣ ኩዊንስ ሂልሳይድ አቬኑ ላይ ማይክራፎን ይዘው ቆሙ። ለምን ትራምፕን እንደመረጡ፣ ለምን ቤታቸው እንደቀሩ ሰውን ጠየቁ። ሰዉ የኪራዩንና የአስቤዛውን ነገር ነገራቸው። ቆመው ሰሙ። ዘመቻቸውንም በኪራይ፣ በአውቶቡስና በሕፃናት እንክብካቤ ላይ አደረጉት፤ በ2025 የኒውዮርክን ከንቲባነት አሸነፉ። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው በ2021 ያደረጉት ነው። የታክሲ ነጂዎች በዕዳ ሲታነቁ አብረዋቸው የረሃብ አድማ ተቀምጠዋል።

ኒውዮርክ እንደ ገጠሩ አይደለም እንዳትሉኝ፤ አውቃለሁ። በዋሽንግተን ስቴት ትራምፕ ባሸነፉበት አካባቢ ዴሞክራቷ ማሪ ግሉሰንካምፕ ፔሬዝ በ2022ም በ2024ም ለኮንግረስ ተወዳድረው አሸንፈዋል። መጀመሪያ ሲወዳደሩ ከባለቤታቸው ጋር ጋራዥ የነበራቸው ሴት ናቸው። ከማምዳኒ ጋር በብዙ ፖሊሲ አይስማሙም። ሰው ግን ሁለቱንም ሲያያቸው «ኑሮዬ ይገባቸዋል» ብሎ ነው የሚያስበው።

እናንተም ሩቅ ሳትሄዱ ከቤታችሁ ጀምሩ። ብዙዎቻችሁን ያስተማሯችሁ ወላጆች ኡበር ነድተው፣ ፓርኪንግ ቆመው፣ አረጋውያን ተንከባክበው ነው። ድምፃቸውን ፈልጎ ሳይሆን ሐሳባቸውን ፈልጎ ያናገራቸው ፖለቲከኛ ካለ ጠይቋቸው። መልሱን ለአለቆቻችሁ ሳታለሳልሱ አድርሱ።

ሺፍት የሚቀየርበትን ሰዓት እወቁ። ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ጠርታችሁ «ሠራተኛው አልመጣም» አትበሉ። የኤርፖርት ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሂዱ፤ እዚያ ሰው ጊዜ አለው፣ ያወራል። ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ ስደተኛ የማይጥማችሁ ነገር ከተናገረም ለማረም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ስለ ወር ወጪው ይጨርስላችሁ። የማትስማሙበትን ደግሞ በአክብሮት ንገሩት እንጂ አትደብቁት፤ ሲሸነግሉት ያውቃል።

የሰጣችሁን ስልክ ቁጥር ኖቬምበር ሲያልፍ አታጥፉት። ጃንዩዋሪ ላይ ደውሉና የነገራችሁ የኪራይ ጉዳይ የት እንደደረሰ ጠይቁት። ያልተፈታ ከሆነ ለተመራጩ ቢሮ ራሳችሁ አመልክቱለት፤ ምን እንደተባለም መልሳችሁ ደውላችሁ ንገሩት።