ከደንገጎ ሲወርድ የሚግለው ቸርኬ፦ ለካሊፐር ፒን የትኛው ግራሶ?

አንድ የድሬዳዋ ሳቢያን አንባቢ ጽፎልኛል። ቪትዙ ሐረር ደርሶ በደንገጎ ቁልቁለት ሲመለስ የቀኝ የፊት ቸርኬው እጅ አያስነካም፤ የተቃጠለ ሽታም አለው። የውስጡ የፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፣ የውጪው ገና ግማሹ አለ። ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ከ3 ወር በፊት ግራሶ አስቀብቷል። አሁን የትኛውን ግራሶ ልግዛ ይላል።

አቦ፣ የውስጡ አልቆ የውጪው ተርፏል ስትለኝ ገባኝ። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ገፍቷል፤ ካሊፐሩ ግን ፒኑ ላይ ተንሸራቶ የውጪውን አልሳበም። ከተቀባ በ3 ወሩ መያዙ ደግሞ ተራ የኩሽኔታ ግራሶ ነው የቀቡልህ ያሰኘኛል።

ይህን ብዙ ሰው ስለሚንቀው ላስረዳ። የፍሬን ጎሚኒ በብዛት የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው፤ ከፍሬን ዘይት ጋር ስለሚስማማ ነው የተመረጠው። ከነዳጅ የወጣ ዘይት ሲነካው ግን ይጠጣዋል፤ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ ያብጣል። ተራ ግራሶ ደግሞ ያው ዘይት በሳሙና ተወፍሮ ነው። አንድ አሮጌ ጎሚኒ ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ሞተር ዘይት፣ ግማሹን ፍሬን ዘይት ውስጥ ነክሬ ነበር። በሳምንቱ ሞተር ዘይት ውስጥ የነበረው ወፍሮ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ማስቲካ ይሰምጣል። ሌላው እንደነበረ ነው። ብዙ ቶዮታ ላይ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ጫፉ ላይ ጎማ አለው፤ እሱ ሲያብጥ ቀዳዳው ውስጥ ይሰነቀራል።

ስለዚህ ለፒኑ የሲሊኮን ግራሶ ግዛ፤ ዕቃው ላይ ለፍሬን ካሊፐር የተባለ ይሁን። ስም የሌለው ቆርቆሮ ላይ «ሙቀት ይችላል» ተብሎ ስለተጻፈ አትመን፤ በሱ የተበላሸ ካሊፐር ስንቴ ፈትቻለሁ! የመዳብ ግራሶ ብረት ከብረት ለሚነካካበት ለሸራው ጆሮ (ለሁለቱ ጫፎቹ) ብቻ ነው፣ እሱም በስሱ። ለፒስተኑ ጎሚኒ ንጹሕ ፍሬን ዘይት ይበቃል።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አትተወው፣ ድጋፍ አስገባ። ካሊፐሩን በሽቦ እሰረው፣ በቱቦው አታንጠልጥል። አሮጌውን ግራሶ በፍሬን ማጽጃ ጥረግ፤ ቤንዚንና ናፍታ ጎማውን ይጎዳሉ። ያበጡትን ጎሚኒዎች ጣል፣ አዲስ አስገባ። ባለ ጎማው ፒን የነበረበት ቦታ ይመለስ። ግራሶው ስስ ይሁን፤ ቀዳዳው ከሞላ አየር ታፍኖ ፒኑን ወደ ውጪ ይገፋዋል። ሸራዎቹን በሁለቱም በኩል ቀይር።

አዲሱን ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን ወደ ውስጥ ስለገፋኸው መኪናው ከመነሳቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ። ሳትረግጥ ብትነሳ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ነው። ከግቢ ለማውጣት ብቻ ቢሆንም መጀመሪያ ርገጥ!

ከዚያ ከዚራ ሰፈር ደርሰህ ተመለስና ሁለቱን የፊት ቸርኬዎች እጅህን አስጠግተህ አወዳድር። ቀኙ አሁንም የሚግል ከሆነ የተጣበቀው ፒስተኑ ሊሆን ይችላል፤ ሳይታይ ደንገጎን አትውረድበት።