መልስ፦ የድሮ መጽሐፍ በፎቶ ማስተርጎም

ከኮምቦልቻ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ የአባትህን የድሮ መጽሐፍ በስልክ አንስተህ ወደ እንግሊዝኛ ስታስተረጉም ዝብርቅርቁ የወጣው በተርጓሚው ጥፋት አይመስለኝም። ነገሩ የሚበላሸው ገና ንባቡ ላይ፣ ማለትም ስልኩ ከፎቶው ላይ ፊደሎቹን ሲለይ ነው።

ፊደላችን በትንሽ ጭረት ይለያያል። "በ" ቀኝ እግሩ ግርጌ ላይ ጭረት ሲጨመርለት "ቢ" ይሆናል። እኔ ደሴ ፒያሳ ኮፒ ያስደረግኩት ገጽ ላይ እዚያው ቦታ የቀለም ነጥብ ነበረች። "በላ" የሚለው "ቢላ" ተብሎ ተነበበ። ተርጓሚው ምን ያድርግ? ሰውዬው ምሳውን ሳይጨርስ ቢላዋ ሆኖ አረፈው!

ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበውን ቴሰራክት (Tesseract) የተባለ ፕሮግራም ሞክረው። ነጻ ነው፣ አማርኛም ያነባል። በ2018 ከወጣው 4ኛው ስሪት ጀምሮ ፊደል በፊደል ሳይሆን መስመሩን እንዳለ ያነባል። የሰለጠነው ግን በአብዛኛው ከኮምፒውተር ፎንት በተሠሩ የመስመር ምስሎች ነው። ስለዚህ ድሮ ከእርሳስ ብረት በተሠሩ ፊደሎች የታተመ ጽሑፍ ግራ ያጋባዋል።

ስልኩን ተወውና በስካነር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አንሳው። ገጹ እንዳይዘም። መጀመሪያ ጽሑፉን ብቻ አውጣ፣ በዓይንህ እያየህ አርም፣ ከዚያ አስተርጉም። በቃላት መካከል ያለውን ሁለት ነጥብ (፡) በባዶ ቦታ መተካት እንዳትረሳ፤ እኔን ያን ለታ እስከ እኩለ ሌሊት ያስቀመጠኝ እሱ ነው።