መልስ፦ በትለር ሙዚየም ለልጆች ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ «ከኮሎምበስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነድተን ልጆቹን ኦሃዮ (አሜሪካ) ያንግስታውን ከተማ ያለው በትለር ሙዚየም ብንወስዳቸው ይቆጨን ይሆን?» ላልሽው፣ ኧረ በፍጹም! መግቢያው ነጻ ነው። ጆሴፍ በትለር የተባለ የብረት ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ1919 ለአሜሪካ ሥነ ጥበብ ብሎ የከፈተው ቤት ነው።

መጀመሪያ የሠዓሊው ዊንስሎው ሆመርን «ስናፕ ዘ ዊፕ» (1872) የሚባለውን ሥዕል አሳዪያቸው፤ ስሙ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሮጡ ጫፍ ያሉትን የሚያስፈነጥሩበት የልጆች ጨዋታ ነው። ወንዶች ልጆች፣ ገሚሱ በባዶ እግራቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀዩ ትምህርት ቤት ፊት ይሮጣሉ፤ በስተግራ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ከሰልፉ ተስፈንጥረው ሣሩ ላይ ሲወድቁ ታያላችሁ። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው የሆመር ሌላ ቅጂ አነስ ያለ ነው፤ ከኋላ ተራሮቹም የሉበትም። እኔ የበትለሩን እመርጣለሁ፣ ተራሮቹ ሜዳውን ያሰፉታል። ልጆቹ ቆመው «ማን ነው የለቀቀው?» ብለው ይፈልጉ፣ አታቻኩያቸው።

ለራስሽ ደግሞ የሠዓሊው ኤድዋርድ ሆፐር «ፔንሲልቬኒያ ኮል ታውን» (የፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ 1947) አለልሽ። አንድ መላጣ ሰውዬ ቅጠል የሚሰበስብበትን መሣሪያ እንደያዘ፣ በሁለት ቤቶች መሐል ወደሚገባው ፀሐይ ዞሯል። ከሥራ ደክሞት የተመለሰ ሰው ያንን ብርሃን ያውቀዋል። ሌላውን እንደ ልጆቹ ትዕግሥት እዩት።