መሲንቆን በላፕቶፕ መሥራት፦ ከመሐል ሜዳ ለመጣ ጥያቄ

ከመሐል ሜዳ የጻፈልኝ ወጣት መሲንቆ ተጫዋች ነው። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፑ ላይ ኤል ኤም ኤም ኤስ የተባለውን ነፃ የሙዚቃ ሶፍትዌር ጭኗል። ቁልፍ ሲነካ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይንጣጣል። የሠራው መሲንቆ እንደ ኦርጋን ይሰማል፤ የአንቺሆዬ ቅኝትም አልሆን ብሎታል። የሚያዳምጠው በብሉቱዝ ሄድፎን ነው። «ሌላ ሶፍትዌር ልጫን ወይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሌላ አትጫን፤ ያለህ ይበቃሃል።

መጀመሪያ ብሉቱዙን ተወውና ባለገመድ ሄድፎን ሰካ። ብሉቱዝ ብቻውን ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ በፈር የሚለውን (ኮምፒውተሩ ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመውን የድምፅ መጠን) እይ። 1024 ላይ ከሆነ ወደ 23 ሚሊ ሴኮንድ ይዘገያል፤ 256 ላይ ወደ 6 ይወርዳል። በጣም ካሳነስከው ግን መንጣጣቱ ይብሳል። ስለዚህ በእጅህ ስትጫወት አሳንሰው፣ ኖታውን በማውዝ ስትጽፍ ከፍ አድርገው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስትሠራ ደግሞ ዊንዶውስ ቻርጅ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ያዘገየዋል፤ ያኔም ይንጣጣል።

አሁን ወደ ድምፁ። ኤል ኤም ኤም ኤስ ውስጥ ትሪፕል ኦሲሌተር የሚባለውን ድምፅ መሥሪያ ክፈት። ሦስት የድምፅ ምንጮች አሉት፤ የሁለቱን ቮልዩም ዜሮ አድርግና አንዱን ብቻ ያዝ። ሞገዱን ሳውቱዝ (የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው) አድርገው። ለምን መሰለህ? ደጋኑ ጭራውን ይዞ ይጎትተዋል፣ ከዚያ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። ቀስ ብሎ ወጥቶ በድንገት የሚወድቀው የሳውቱዝ ቅርጽም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ብቻውን ጆሮ ስለሚሰነጥቅ ሎው ፓስ ፊልተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ጨምርበት፤ ቆዳው የሚያለዝበውን ያህል እስኪለዝብ ድረስ ዝቅ አድርገው። ኦርጋን ያስመሰለብህ ድምፁ ገና ሲጀምር ሙሉ ሆኖ መምጣቱና እስከ መጨረሻው አለመለዋወጡ ነው። ኤንቨሎፕ (ድምፁ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚለዋወጥበትን የምትወስንበት ቦታ) ውስጥ አታክን፣ ማለትም ድምፁ ሙሉ እስኪሆን የሚወስደውን ጊዜ፣ ትንሽ ጨምር። ፊልተሩም ኖታው ሲጀምር ጠበብ ብሎ ቀስ እያለ ይከፈት።

በጭፍን ግን አትሥራ። የራስህን መሲንቆ በስልክ ቅዳና አጠገቡ እያጫወትክ አወዳድር። ስቱዲዮ ለሚመጡ ልጆችም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ የተዘጋጀ ድምፅ ከመሰብሰብ አንዱን ከባዶ መሥራት ጆሮን ያሠለጥናል።

አንቺሆዬ አልሆን ያለህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ከሲ ብትነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ብለህ ትጽፈዋለህ። ኪቦርዱ ግን ኦክታቩን (ከአንዱ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለውን) 12 ቦታ እኩል ከፍሎታል። ያንተ ጣት ጭራው ላይ የሚያርፈው በጆሮህ ነው፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ሊውል ይችላል። ፒያኖ ሮል (ኖታ የምትጽፍበት መስኮት) ውስጥ ዲቲዩን የሚል መሣሪያ አለ። እያንዳንዱን ኖታ ከሴሚቶን (በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት) ባነሰ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርግልሃል። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው መንሸራተቱንም በዚሁ መሳል ትችላለህ። ያ መንሸራተት ከሌለ መሲንቆ አይሆንም፤ ጊዜህን እዚህ ላይ አጥፋ።

ድምፁ ሲጥምህ ፕሪሴት (ሌላ ጊዜ የምትከፍተው የድምፅ ቅንብር) አድርገህ አስቀምጠው። ከዚያ ክራርን ሞክር። ክራር ላይ አታኩ ዜሮ ይሁን፣ ሰስቴኑም (ኖታው እስከተያዘ ድረስ የሚቆየው ድምፅ) ዜሮ ይሁን፤ ዲኬዩን (ድምፁ ከተመታ በኋላ የሚቀንስበትን ጊዜ) ብቻ አስረዝመው።