«ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ»፦ ስለ ትዳርና ስለ ሴቶቹ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ ስለዚህ የጄን ኦስተን ልብወለድ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። መጽሐፉ የወጣው በ1813 ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አደራ፣ ፊልሙን ብቻ አይታችሁ አትጠይቁ። ገንዘቡንም ሳታሰሉ በማንም አትፍረዱ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አምስቱ የቤኔት ልጆች የአባታቸውን ርስት የማይወርሱት ሕጉ ሴትን ስለሚከለክል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ርስታቸው ሎንግቦርን የታሰረው በቤተሰቡ ውል ነው፤ ኢንቴይል ይሉታል። ርስቱ ከወንድ ወደ ወንድ ብቻ እንዲሄድ ቀድሞ ተወስኗል። አባትየው ለልጆቹ ሊናዘዝላቸው አይችልም። በመጽሐፉ ያለችው ባለጸጋ ወይዘሮ ሌዲ ካትሪን ግን እኛ ቤት ይህ አላስፈለገም ትላለች፤ የሷን ርስት የምትወርሰው ሴት ልጇ ናት።

አሁን ቁጥሩን እዩ። ርስቱ በዓመት 2,000 ፓውንድ ያስገባል። አባት ሲሞት ያ ሁሉ የዘመዳቸው የሚስተር ኮሊንስ ነው። ለእናትና ለልጆቹ የተቀመጠው 5,000 ፓውንድ ብቻ ነው። ለአምስት ሲካፈል 1,000፤ በ4 ከመቶ ወለድ በዓመት 40 ፓውንድ። ኮሊንስ ሁለተኛዋን ልጅ ኤልሳቤጥን አግቢኝ ሲላት ይህችኑ 1,000 ፓውንድ፣ ያውም እናትሽ ስትሞት የምታገኚው፣ ብሎ ፊት ለፊት ይነግራታል። ስለዚህ እናትየው ልጆቼን ልዳር ብላ ስትጨነቅ አትሳቁባት። ጭንቀቷ እውነተኛ ነው።

የጉለሌዋ፦ በኛ አገር እኮ በድሮው ርስት ሴት ልጅም ከእናቷም ከአባቷም ትወርስ ነበር። እንግሊዝ ከኛ ኋላ ነበረች ማለት ነው?

ሕግ ተማሪ፦ በወረቀት ትወርስ ነበር በይ። ርስቷን ማን ያርሰው ነበር? ባሏ ወይ ወንድሟ።

የጉለሌዋ፦ አያቴ በስሟ መሬት ነበራት፤ ተከራክራም አስመልሳዋለች!

መልስ፦ ጥሩ ክርክር ነው፤ ግን ለብቻው ተነጋገሩበት። ወደ መጽሐፉ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ስለ ሴቶች ሚና ቢያብራሩልን።

መልስ፦ የየትኛዋ ሴት? የትኛው ምዕራፍ? እንዲህ ያለውን መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ ሀብት ያላት ሴትስ ስታገባ ገንዘቡ የሷ ሆኖ ይቀጥላል?

መልስ፦ ቤተሰቧ በውል ካላስጠበቀላት በቀር ለባሏ ያልፋል። መኮንኑ ዊካም የባለጸጋውን የዳርሲን እህት፣ የ15 ዓመቷን ጆርጂያናን ይዞ ሊጠፋ የሞከረው ለ30,000 ፓውንዷ ነው። ሕጉ መቀየር የጀመረው በ1870 ነው፤ በደንብ የተስተካከለው ደግሞ በ1882።

ጥያቄ፦ ዳርሲ ደሃ ቢሆን ኤልሳቤጥ ታገባው ነበር?

መልስ፦ መጽሐፉ ውስጥ ደሃ አይደለም። የመጀመሪያ የትዳር ጥያቄውን እምቢ ስትለው ግን በዓመት 10,000 ፓውንድ እንዳለው ታውቃለች።

ጥያቄ፦ የኤልሳቤጥ ጓደኛ ሻርሎት ያንን አሰልቺ ኮሊንስን ማግባቷ ራስን መሸጥ አይደለም?

መልስ፦ በፍጹም አይደለም! 27 ዓመቷ ነው፤ ገንዘብ የላትም። የጨዋ ቤት ልጅ ካላገባች የሚቀራት የዘመድ እጅ ማየት ወይም በሰው ቤት ልጆች ማስተማር ነው። ኤልሳቤጥ ልትጠይቃት ስትሄድ የምታየውን ልብ በሉ። ሻርሎት የምትውለው ከቤቱ በስተኋላ ባለው ክፍል ነው። ሰፋ ያለና የተሻለ ክፍል እያለ ለምን? የኮሊንስ ክፍል መንገዱን ያያል። የሷም ያን ያህል ደስ የሚል ቢሆን እሱ እግሩ ከዚያ አይጠፋም። አትክልት ቦታውንም እንዲንከባከብ ታበረታታዋለች። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር አዝንላታለሁ፤ አከብራታለሁም። ሰላሟን በአንድ ክፍል ምርጫ አገኘች።

ጥያቄ፦ ኦስተን ራሷስ ለምን አላገባችም?

መልስ፦ ጠያቂ መጥቶላት ነበር። በታኅሣሥ 1802 ሃሪስ ቢግ-ዊዘር የሚባል የባለርስት ልጅ ጠየቃት። ማታ እሺ አለች፤ ጠዋት ሐሳቧን ቀየረች። 27 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ያህል ነበር የቀራት። ሻርሎትን በዚያው ዕድሜ ላይ ማስቀመጧ ሁሌም ያስገርመኛል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሻርሎት ግን ኮሊንስን ትወደው ነበር?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ስለ ክፍሉ የጻፍኩትን አንብቡ።