«ድምፅሽ ወፍራም ነው» ለተባላችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ስናጠና እኔን ሁሌ ከኋላ ነበር የሚያቆሙኝ። «የወንድ ድምፅ ነው ያላት» ይሉኝ ነበር። ኮንትራልቶ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ውጭ አገር ሄጄ ክላሲካል ዘፈን ስማር ነው። ከሴት ድምፆች ሁሉ ዝቅተኛው ነው፤ ባለቤቶቹም ጥቂት ናቸው።

ስሙን ማወቄ ግን አላዳነኝም። የመጀመሪያ አስተማሪዬ (ስማቸው ይቅር) «ይሄ እንጀራ አያበላም፣ ወደ ላይ እንሳበው» አሉኝ። እውነት አላቸው፣ ኦፔራ በሚባለው የዘፈን ቲያትር ላይ ዋናዋ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ናት። ለእኛ የሚተርፈን እናት፣ ጠንቋይ፣ አንዳንዴም ሱሪ ታጥቆ ወንድ መሆን ነው። እኔ ጠንቋይዋን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ በፍቅር ተቃጥላ አትሞትም። ብቻ ሁለት ዓመት ወደ ላይ ስጎተት ከርሜ ድምፄ ተዘጋ። ሐኪሙ የድምፅ ጅማቶቼ ላይ እንደ መጅ ያለ እብጠት አገኘና ለወራት ዘፈን ከለከለኝ።

ማሪያን አንደርሰንን በደንብ ያደመጥኳት ያኔ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ኮንትራልቶ ናት። የሙዚቃ ትምህርት ቤት በቀለሟ ምክንያት ሲመልሳት የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች አዋጥተው አስተማሯት። በ1939 ዋሽንግተን ላይ አዳራሽ ተከልክላ ሊንከን መታሰቢያ ፊት 75,000 ለሚሆን ሰው መዝፈኗን ብዙዎች ያውቃሉ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላው ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ የወጣችው በ1955፣ በ57 ዓመቷ ነው። በቨርዲ ኦፔራ ውስጥ ኡልሪካ የምትባለዋን ሆና። ኡልሪካ ማን ናት? ጠንቋይ! በሩን የዘጋባት ዘረኝነት ነው፤ ሲከፈትላት የድምፅዋ ምርጥ ዘመን አልፎ ነበር።

ስለዚህ በር የሚዘጋባችሁን ሰው ታገሡ አልላችሁም። ጉሮሯችሁን ግን ታገሡት። ወፍራም ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ ብዙ ጊዜ 30 ዓመት አልፎ ነው ቦታውን የሚይዘው። እስከዚያ በግድ አታወፍሩት። ከንፈር ገጥማችሁ አንጎራጉሩ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በስትሮ እየነፋችሁ ዜማ አውጡ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ጅማቱን ሳይጎዳ ያፍታታል። ዘፍናችሁ ጉሮሯችሁን ካመማችሁ ልምምዱ ልክ አይደለም፣ አስተማሪው ማንም ይሁን።

እንጀራውን ካነሳን፣ እኔን ያኖረኝ ማስተማሩ ነው። ፈረንጅ ገና ሲደርስ «መሲሕ» የሚባለው የሃንደል መዝሙር፣ ፋሲካ ሲደርስ የባክ መዝሙሮች አሉ፤ ያኔ አልቶ (ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ) ይፈለጋል። ሌላውን ቀን ፒያኖ አጠገብ ነኝ። አላፍርበትም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ19 ዓመት ልጅ መጣች። «ሶፕራኖ ነኝ» አለችኝ። ከፍ ስትል የአንገቷ ሥር ይገተራል። «እስቲ ወደ ታች እንውረድ» አልኳት። ላ፣ ሶል፣ ፋ። ፋ ላይ ስትደርስ ፒያኖው ራሱ ነዘረ። ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይቅርታ፣ ወንድ መሰልኩ» አለች።

«ድገሚልኝ» አልኳት።